አርብም ይቆጠራል

የሞተር ብስክሌቱን አዲስ ጎማ ገጥሜ የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቅሁ ሳለ ሁዘይፋ ከማስታወቂያ ሰሌዳው በኩል እየሮጠ መጣ። ሄልሜቱን በእጁ አንጠልጥሏል።

"ጋሼ በላቸው፣ ስሜ የለም" አለኝ።

"የት?"

"ማጣሪያው ላይ። አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው የተጻፈው። ወላሂ ሦስቴ አነበብኩት።"

ሳቅሁበት። ስም መዝለል የዳኞች ልማድ ነው ብዬ እጄን በጨርቅ ጠረግሁና ተከተልኩት። የኮምቦልቻ ፀሐይ ገና በሁለት ሰዓት አናት ይበሳል። ከአጥሩ ማዶ ከደሴ በሚኒባስ የወረዱት የሰፈሩ የሆጤ ልጆች ስሙን እየጠሩ ይጨፍራሉ። ሚስቱ ዊዳድም መሀላቸው ነበረች።

ዛሬ ካልተወዳደረ አለቀለት። የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ ሁለት ውድድር አምልጦታል፤ የቡድኑ ባለቤት ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ካልተሰለፍክ ሞተሩን ለሌላ እሰጣለሁ ብሎ ቁርጡን ነግሮታል። በሠላሳ አራት ዓመቱ የሚወስደው ሌላ ቡድን የለም። ይህን እሱም ያውቃል፣ መካኒኩ እኔም አውቃለሁ።

ወደ ዋናዋ ዳኛ ወደ ወይዘሮ ነፃነት ድንኳን ገባን። ትሁት ሴት ናት፤ እኔን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

"ጋሼ፣ ደንቡ ተቀይሯል እኮ" አለች። "ከዚህ ውድድር ጀምሮ የአርቡ ልምምድ ይቆጠራል። አርብ ፈጣን ሰዓት ያስመዘገቡት አሥራ ሁለቱ ብቻ ናቸው ለዛሬው ማጣሪያ የሚገቡት፤ ሌላው ወደ ቤቱ ነው። ሁዘይፋ አሥራ አራተኛ ወጥቷል።"

አርብን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያለን አዲስ ጎማ አንድ ጥንድ ነው፤ እሱም ደህና የሚይዘው ለጥቂት ዙር ነው። ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሠራራችን አንድ ነበር፤ አርብ ባለቀው ጎማ ቀስ እያልክ ሜዳውን ልመድ፣ ቅዳሜ በአዲሱ ገስግስ። ትናንትም ልጁ ፍጥነት ልጨምር ሲል "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብዬ እጄን እያውለበለብኩ ያቀዘቀዝኩት እኔው ነኝ።

"ኧረ በአላህ፣ ለኔ ማንም አልነገረኝም" አለ ሁዘይፋ።

የነፃነት ፊት ፈካ። "ያልተነገረው ተወዳዳሪ ካለ ማስገባት እችላለሁ፤ ደንቡ ራሱ ይፈቅዳል። ስብሰባው ትናንት ከልምምዱ በፊት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። አልመጣህም?"

"ጁምዓ ነበርኩ።"

"እንግዲያማ ጥሩ" ብላ መዝገቡን ገለጠች። ጣቷ በስም ዝርዝሩ ላይ ወረደና ቆመ።

ምን እንዳየች አውቄያለሁ። ትናንት ልጁ መስጊድ ሲሄድ ስብሰባው ላይ የተገኘሁት እኔ ነኝ። የቀረ ይቀጣል ሲባል ሰማሁና ውለታ የሠራሁ መስሎኝ በሱም ስም ፈረምኩ። ከዚያ ሞተሩ ብቻውን ነው ብዬ ንግግሩ ሳይጀመር ወጣሁ። ለቀረ ወዳጅ መፈረም እኛ ዘንድ ነውር አይደለም፤ በቀበሌውም በእድሩም ስንፈራረም የኖርን ሰዎች ነን። እዚህ ግን በሰው ስም የፈረመ መካኒክ የሥራ ፈቃዱን ይነጠቃል፤ የፈረምኩትም ይህን እያወቅሁ ነው።

"ፈርመሃል እኮ" አለች ነፃነት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። መዝገቡን ወደ እሱ አዞረችው። "ያንተ ፊርማ ነው? ካልሆነ ንገረኝ።"

ሁዘይፋ ጎንበስ ብሎ አየው። የሱ ፊርማ ጭረት ብቻ ነው። ይኼኛው ፊደሉ ሁሉ ጥርት ያለ፣ የቄስ ትምህርት ቤት የእጅ ጽሑፍ ነው። ቀና ብሎ አየኝ።

መናገር ነበረብኝ። የፈረምኩት እኔ ነኝ ብል ልጁ ይገባ ነበር። ግን ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከሞተር ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። አንገቴን ደፍቼ እጄ ላይ ያለውን ግሪስ አየሁ። ማርያምን፣ እንዲህ ያልኩ ፈሪ መሆኔን እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር።

"የኔ ነው" አለ ሁዘይፋ። ወላሂ አላለም።

"ጁምዓ ነበርኩ አላልክም?"

"ፈርሜ ነው የሄድኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ነፃነት አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየችና መዝገቡን ዘጋች። "አዝናለሁ" አለች።

ስንወጣ ከአጥሩ ማዶ ጭፈራው ባሰበት። ዊዳድ እጇን አነሣችለት፤ እሱም አነሣላት። ከዚያ ወደ ሞተሩ ተመለስን።

መሬት ላይ ተቀመጠ። "ሁዘይፋ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አብሽሩ፣ አይዞዎት ጋሼ፣ አላህ ያመጣው ሰበብ ነው" አለኝ። ቀጥሎም፣ "ስብሰባው ላይ ወረቀት ነገር አልሰጡዎትም?" አለ።

ሰጥተውኝ ነበር። ከኋላ ኪሴ አወጣሁት፤ እንደታጠፈ ነው። ደንብ የሚያነበው ሞተር የማያውቅ ነው እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሰው ነኝ።

"እስቲ ያንብቡልኝ።"

ለማጣሪያው ሞተሮቹ መጮህ ጀምረዋል፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። የአርቡ ልምምድ ይቆጠራል የምትል አራት መስመር ነበረች። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ አንድ ዙር ሳይጨርስ ጨረስኳት።

"ይኸው ብቻ ነው?"

"ይኸው ነው።"

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና ጀርባውን ገልብጦ አየ። ምንም አልተጻፈበትም።