የመቃብሩ ድርሻ

ማርያምን፣ ይህ ነገር ሐሰት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ። ሱዳን፣ ቁረይሻ ውስጥ አንድ የሰሊጥ እርሻ መሀል፣ በእንግሊዝ ዘመን «ዓይኔ እስካየው ድረስ የእኔ ነው» ያለ ነጭ ተቀብሯል። ከመተማ የሚወርዱት ሰሊጥ ቆራጮች በየዓመቱ የመጀመሪያውን ነዶ መቃብሩ ላይ ገልብጠው ያራግፉለታል፤ ድርሻውን ካጣ ከእነሱ አንዱን ይወስዳላ።

ዘንድሮ ግን ይታያል የሚሉት ቆራጭ ነዶውን ሲገለብጥ፣ የእርሻው ወኪል ሉጥፊ ከሥሩ ባልዲ ደቀነ።

«ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ሙት ሰሊጥ አይበላም።»

«ተው ሉጥፊ፣ አምና ብንከለክለው ወንድሜን ነው የበላው።»

«ወንድምህን የበላው ወባ ነው። አራግፍ፤ አለዚያ ጓዝህን ይዘህ ወደ አገርህ።»

ይታያል ነዶውን አራገፈ። ሰሊጡ እንደ ካፊያ እየተንሿሿ ወረደ፤ ነዶው ባዶ ሆነ፣ ባልዲው ግን አልሞላም። ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ አንድ የገረጣ መዳፍ በባልዲው ቂጥ ብቅ ብሎ ሰሊጡን እየዘገነ ወደ ምድር ያወርዳል። ሉጥፊም አየው፤ ባልዲውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

እሺ፣ አንዷን ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ሉጥፊ አልሮጠም። መዳፉን ገፋ አድርጎ «ሌላ ነዶ አምጣ» ነው ያለው። መዳፉም ሰሊጡን ትቶ ወደ ይታያል እግር ዞረ።