የቆረጥኳት ሽቦ

የመበየጃው ካውያ እስኪግል ስፒከሩን ገልብጬ አራቱን ብሎኖች እፈታለሁ። ሠላሳ ዓመት የሰው ሬዲዮና ስልክ ጠግኛለሁ፤ ለአንዲት ጥፍር ለማታህል ሽቦ ግን እንደዛሬ ተጣድፌ አላውቅም።

«አባዬ፣ አንድ ሰዓት እንኳ የለንም» ትላለች ልጄ።

የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ፣ ከመፍቻዎቼ መሀል፣ የእናቷን ስልክ አስቀምጣለች። እናቷ ካረፈች አራት ወር ሆናት፤ ልጄ ግን ስልኩን በየቀኑ ቻርጅ ታደርገዋለች። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ዛሬ ከምሳ በኋላ ከስፒከሩ ድርጅት መልእክት የመጣው በዚሁ ስልክ ነው። አገልግሎታችን ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ወደ ቤትዎ የላኳቸው አስራ ዘጠኝ የድምፅ መልእክቶች አልተደመጡም፤ ከዚያ በኋላ ይጠፋሉ ይላል። ስልኩ ላይ መላካቸው ይታያል እንጂ ድምፃቸው የለም። የሚሰሙት በዚህ ስፒከር ብቻ ነው።

ያልተደመጡት በእኔ ምክንያት ነው።

ሰፈሩ «ነፃ አውጪው» ይለኛል። የተቆለፈ ስልክ ያመጡልኛል፣ እከፍታለሁ። አትቅዱ የተባለ ፊልምና ዘፈን እቀዳለሁ፣ በነፃ አድላለሁ፤ ዘፈን ሲቀዳ ከዘፋኙ ጉሮሮ የሚጎድል ነገር የለም ባይ ነኝ። በገንዘቤ የገዛሁትን ዕቃ በመፍቻ እንዳልከፍት ከተከለከልኩ፣ ተከራየሁ እንጂ አልገዛሁም። ሰው ለራሱ ይምረጥ፤ መንግሥትም፣ ድርጅትም፣ ባልም አይምረጥለት። ሚስቴ ይህን ስብከቴን በቃሏ ትወጣው ነበር።

ሲያናግሩት የሚሰማውን፣ ከሩቅ የተላከ ድምፅም በኢንተርኔት ተቀብሎ የሚያሰማውን ይህን ስፒከር የገዛችው እሷ ናት። ሱቅ ውስጥ ስስቅባት፣ «ሰው የፈለገውን ይምረጥ የምትለው አንተ አይደለህ? እኔ ይሄን መረጥኩ» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ቤት ገብተን ከስልኳ ጋር አገናኝታው ስታበቃ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። እኔ ደግሞ ከፈትኩትና ከኢንተርኔት የምታገናኘውን ሽቦ ቆረጥኳት። ኩሽናዬ ውስጥ ጆሮ ጠቢ አላስቀምጥም ብዬ ነው። ሰዓት መናገሩንና ሬዲዮ ማሰማቱን ስላልተወ እሷ ሳታውቅ ሦስት ዓመት አለፈ።

ከዚያ ሆስፒታል ገባች። የእኔ ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ ነገር የማታውቅ አሮጌ ናት፤ ይህችን ስልክ ግን ማንም አይጠልፍብኝም እያልኩ እኮራባታለሁ። ጠዋት ጠዋት እዚህ ቁጭ ብዬ ቁርስ እንደምበላ ሚስቴ ታውቅ ነበር። ድምፅዋን ወደዚህ ትልክ እንደነበር ግን እኔ ገና ዛሬ አወቅኩ።

ከሰዓት ልጠይቃት ስሄድ፣ «ጠዋት ሰማኸኝ?» ትለኝ ነበር። ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባጥራት እልና «ሰማሁሽ» እላታለሁ። አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ «ታዲያ ምን ትላለህ?» አለችኝ። ስለምን እንደምታወራ አልገባኝም።

«እንደ ምርጫሽ፣ የኔ እመቤት» አልኳት፣ እንደ ልማዴ።

እጄን ለቀቀች። በማግስቱ ለቀዶ ጥገናው ፈረመች፤ ከዚያ አልነቃችም።

ሽቦዋን እበይዳታለሁ። ጭሷ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ስፒከሩ ይበራል፣ ግን ሦስት ዓመት የከለከልኩትን የሶፍትዌር እድሳት ሁሉ አንድ በአንድ ካልጫንኩ ብሎ ይገተራል። ልጄ ሰዓቷን ታያለች። እኔ ምንም የምፈታው ነገር የለም፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

በመጨረሻ በስፒከሩ ትንሽ ስክሪን ላይ ውል ይመጣል። «እዚህ የተቀመጠ ድምፅ የድርጅቱ ንብረት ነው። መቅዳት ክልክል ነው» ይላል። የሚስቴ ድምፅ! ሌላ ቀን ቢሆን ለሰፈሩ ሁሉ ጉባኤ እዘረጋበት ነበር።

«አባዬ፣ ስድስት ደቂቃ!»

በሕይወቴ ተጭኜው የማላውቀውን «እስማማለሁ» እጫነዋለሁ።

አስራ ዘጠኙ መልእክቶች ይደረደራሉ፤ የመጨረሻው ከላይ ነው። እነካዋለሁ። መጀመሪያ ትንፋሿ ይሰማል፣ ከዚያ እሷ ራሷ ኩሽናው ውስጥ ትናገራለች።

«ነፃ አውጪው፣ በላህ? እንቁላሉን ደግሞ አሳርረኸዋል አይደል? ስማኝማ። ሐኪሙ ወይ ቀዶ ጥገና ወይ ወደ ቤትሽ ብሎኛል። ቀዶ ጥገናው ከተሳካ ዕድሜ አለው። ቤት ከመጣሁም ጥቂት ወር አላጣም። እኔ መምጣት ነው የምፈልገው፣ ግን እንዳላስቸግርህ ፈራሁ። ምርጫሽ ነው እንዳትለኝ፣ አደራ። ዕድሜ ልኬን መርጫለሁ፣ ደክሞኛል። አንዴ እንኳን አንተ ምረጥልኝ። ነይ በለኝና እመጣለሁ። ከሰዓት ስትመጣ ንገረኝ፣ እሺ?»

ልጄ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። መቅጃዬን አጠገቤ አዘጋጅቼ ነበር። የዓለምን ዘፈን ሁሉ የቀዳሁ ሰው ይቺን መቅዳት ረስቻለሁ።

«ቀጣዩን ክፈተው» ትለኛለች እንባዋን እየጠረገች። «አባዬ፣ አራት ደቂቃ ነው የቀረን። ቀጣዩን!»

አስራ ስምንቱ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ጣቴ ግን ከመልእክቷ ስር «መልስ ላክ» የሚለው ላይ አርፏል። እጫነዋለሁ። ቀይ መብራት ይበራል።

«ነይ» እላለሁ። ወደ ስፒከሩ ጠጋ ብዬ እደግመዋለሁ። «ነይ ወደ ቤት።»

ጠረጴዛው ላይ፣ ከመፍቻዎቼ መሀል፣ የእሷ ስልክ ይበራና ይንቀጠቀጣል።