ግማሽ ዓሣ

የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር በሁዳዴ ዓሣ መብላት ጾም መግደፍ ነው ብሎ ሲገሥጽ፣ አንዲት ተማሪ “ዓሣ የክርስቲያን ምልክት አይደል እንዴ?” አለችው።

“ነው እንጂ” አላት። “በስደቱ ዘመን አንዱ ክርስቲያን በእግሩ መሬት ላይ ግማሽ ዓሣ ይሥላል፤ ሌላው ወገኑ ከሆነ ቀሪውን ይሞላለታል። ሣሉት ተባለ እንጂ ጠበሱት አልተባለም።”

ከኋላ ቆመው ይሰሙ የነበሩት የነፍስ አባቱ “ግሩም ትምህርት” ብለው መረቁት።

በማግስቱ መምህሩ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከዓሣ ጠባሾቹ ጓሮ ተቀመጠ። ሽታው ጾሙን ሙሉ ሲጠራው ሰንብቷል። እንደሱ የተከናነቡ አንድ ሰው መጥተው ከጎኑ ተቀመጡና አተኩረው አዩት። ከዚያ በጫማቸው ጫፍ አሸዋው ላይ ጎበጥ ያለ መስመር አሰመሩ።

መምህሩን ላብ አጠመቀው። ተነሥቶ እንዳይሄድ ያዘዘው ዓሣ ዘይት ውስጥ ገብቷል። ቀስ ብሎ እግሩን ዘረጋና ቀሪውን ሞላው።

“ግሩም ትምህርት ነበር ልጄ” አሉት የነፍስ አባቱ፣ ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ እያደረጉ። “በል ዳጣውን አስጠጋልኝ።”