አዲሱ የፍሬን ቱቦ

«ያዝ!» አለ የሚስቱ ወንድም ከመኪናዋ ሥር ሆኖ። መሪው ጋ የተቀመጠው ባልየው የሚያቀብለው ነገር ያለ መስሎት በመስኮት እጁን ዘረጋለት።

«ፍሬኑን ረግጠህ ያዝ ነው ያልኩህ፣ ጋሼ! እጅህንማ ምን ላድርገው?»

ረገጠ፤ ልቡ ግን አልረጋም። ይቺን ባለ ሁለት በር አሮጌ የስፖርት መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቃት። የሚስቱ ወንድም ደግሞ ባያት ቁጥር ምራቁን ይውጣል። ታዲያ ዛሬ «በነጻ ካልሠራሁልህ» ማለቱ ከየት የመጣ ደግነት ነው? ቱቦውን ሊገዙ ሲሄዱም ባልየው ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቀውን ቢያነሳ፣ «እሱ ለዓይን ነው» ብሎ አስመለሰውና ደብዛዛውን መረጠ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ከደጃፋቸው ጀምሮ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ፍሬን ከከዳ የሚይዝ አጥር እንኳ የለውም።

አዲሱ ቱቦ ውስጥ የገባው አየር ወጥቶ ሲያልቅ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ባልየው ግን ወረደና «እስቲ መጀመሪያ አንተ ቁልቁለቱን ውረድባት» አለ፣ ከመኪናዋ ሥር የወጣውን የሚስቱን ወንድም ፊት እያጠና። የሚስቱ ወንድም ቅንጣት አልደነገጠም። እጁን በቅጡ ሳይጠርግ፣ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኖ፣ ለቁልፉ መዳፉን ዘረጋ። ይሄኔ ባልየው ቁልፉን ጭምድድ አድርጎ ያዘው።

ሚስቱ ከቤት ብቅ አለች። «ምን ተገትራችኋል? ፍሬኑ አልሠራም እንዴ?»

«ሠርቷል እህቴ» አለ ወንድሟ መዳፉን ሳያጥፍ። «መኪናዋ እንደምትቆምማ ባልሽ አምኗል፤ አሁን የሚፈራው እኔ እንዳልቆም ነው።»