ሰርዝ የሚለው ቁልፍ

የሆስፒታሉ የካርድ ክፍል አንጋፋ ሠራተኛ «ሰርዝ» የሚለውን ቁልፍ ለአራተኛ ጊዜ ሲጫኑ፣ የኮምፒውተር መለማመጃውን የሠራው ወጣት ላብ አጠመቀው። አዲሱ የምዝገባ ሲስተም ነገ ይጀመራል፤ እሳቸው ካልገባቸው የሁለት ወር ድካሙን ውሃ በላው ማለት ነው።

«እትዬ፣ ‹መዝግብ› የሚለው እኮ አረንጓዴው ነው» አላቸው ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ፤ ዓይን አለኝ እኮ!» አሉና ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለውን፣ እሱ ራሱ የጻፈውን መልእክት አሳዩት፦ «አይዞዎት፣ እንደገና ይሞክሩ።»

«ሠላሳ ዓመት ስሠራ፣ ስሳሳት አይዞሽ ያለኝ አለቃ የለም። ትንሽ ልጥገበው ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ወጣቱ ሳቁ አመለጠው። እሳቸው ግን ወደ በሩ ዞረው «ኑ እንጂ! እዚህ ቢሳሳቱም የሚቆጣ የለም!» ሲሉ፣ ፈርተው ኮሪደር ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ባልደረቦቻቸው እየተጋፉ ገቡ።