ዝቅ ያለ ድምፅ

ፋርማሲስቷ ግንበኛውን የሰደበችው አምና ነሐሴ ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰው በቆመበት ነበር። «የጉልበት ሕመም ማስታገሻ እንደ ቆሎ አይቆረጠምም። ማንበብ ካልቻሉ ይጠይቁ እንጂ» ስትል ድምፅዋ እስከ መንገድ ተሰማ፤ ሰዉም ሳቀ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ ለሚል ሰው ይህ ከጥፊ ይብሳል። ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን ከመንደር ሱቅ እየገዛ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ይውጥ ጀመር።

ዛሬ ግን ሆዱ አላስቆም አላስቀምጥ ሲለው ተመልሶ መጣ። «የጨጓራ መድኃኒት ስጪኝ» አላት፣ ፊቷን ሳያይ። ፓኮውን አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችና መዳፏን ጫነችበት።

«የጉልበቱን ኪኒን አሁንም ይወስዳሉ?»

«ምነው፣ ዛሬም የሰው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

ባንኮኒውን ዞራ አጠገቡ ቆመችና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል?»

ክው አለ። ማለዳ ያየውን ለሚስቱ እንኳ አልነገረም። ዓመት ሙሉ ለስድቧ መልስ ሲያብሰለስል ከርሟል፤ ሹክሹክታዋን ግን አልጠበቀም። ያች ምላሰ ምላጭ ድምፅዋን ዝቅ ካደረገችለት፣ ነገሩ የሞት መሆን አለበት።

«ይህ እቤት የሚታከም አይደለም፤ ኪኒኑ ጨጓራዎን እያደማው ይሆናል» አለች ድንጋጤውን አይታ፣ ፓኮውንም ወደ መደርደሪያው መለሰች። «አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ሰው ልጥራልዎት?»

ግንበኛው በሩን ከፍቶ ወጣ። ከዚያ ብቻውን፣ ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ አዘገመ።