የካርድ ክፍሏ ደብተር

ለመስክ ሥራ በሄደበት ከተማ ጥርሱን አሞት ጤና ጣቢያ ገባ። ካርድ ክፍል ወረፋው ደርሶት በመስኮቱ ጎንበስ ሲል፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተው እሱና ጓደኞቹ በትርፍ ጊዜያቸው ሠርተው በነጻ የለቀቁት የታካሚዎች መዝገብ ፕሮግራም ነው። ደስ አለው። ደስታው ግን ወዲያው ጎመዘዘው። መመሪያ እጽፍለታለሁ ብሎ ቃል ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አንድ ገጽ እንኳ አልጻፈም።

ሠራተኛዋ አንድ ቁልፍ ከመጫኗ በፊት ጥጋጥጉ የተበላ ደብተር ትገልጣለች።

«ምንድን ነው እሱ፣ እህቴ?»

«መመሪያ ነዋ! ሠሪዎቹ ስላልጻፉልን እየተሳሳትን ራሳችን ጻፍነው። እስክንለምደው ድረስ የአራት ወር የነፍሰ ጡሮች ክትትል ጠፍቶብናል።»

«ታዲያ ሠሪዎቹን አትጠይቋቸውም ነበር?» አለ ጉንጩን እንደያዘ።

«ምን ያደርጋል፣ ጠይቄ ነበር።»

ደብተሩን አዙራ የመጀመሪያውን ገጽ አሳየችው። በቀይ እስክሪብቶ «ሠሪዎቹን እንዳትጠይቁ» ይላል። ከሥሩ ከኢንተርኔት ታትሞ የተለጠፈ መልስ አለ፦ «መጀመሪያ መመሪያውን አንብቢ። ጥያቄው ተዘግቷል።» የመላሹ ስም ከነአባቱ ሰፍሯል።

መልሱን ሲጽፍ ምሳ ሊወጣ ቸኩሎ እንደነበር ትዝ አለው።

«በሉ እንግዲህ፣ ካርድ ላውጣልዎት» አለች ሠራተኛዋ፣ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አሳርፋ። «ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ።»